ቀን ፈገግታ፣ ማታ ጩኸት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ስታዲየም አካባቢ ባንክ ውስጥ ካውንተር ላይ ነው የምሠራው። ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስተኛ ክፍል የሚማር የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። ቀን ደንበኛ ሲሰድበኝ ፈገግ ብዬ እውላለሁ። ማታ የቤት ሥራ ሳሠራው ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። እጮህበታለሁ። ደብተሩን የወረወርኩበት ቀንም አለ። ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ጠዋት ‹ሁለተኛ አልጮህበትም› ብዬ እምላለሁ፤ ማታ ያው ነኝ። ባለቤቴ ‹ስሜትሽን ተቆጣጠሪ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስቆጣጠር ነው የምውለው! ለመሆኑ ስሜትን መቆጣጠር ጠባይን ይለውጣል? ወይስ ይሄ ተፈጥሮዬ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ቀኑን ሙሉ ስቆጣጠር ነው የምውለው» ያልሽው ላይ። ባለቤትሽ አድርጊ የሚልሽን ነገር ከጠዋት ጀምሮ እያደረግሽው ነው። እንዲያውም ከእሱም ከእኔም በላይ ተክነሽበታል።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ተፈጥሮሽ አይደለም። ቶሎ ቱግ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ለመናደድ ጊዜ የሚወስድባቸውም አሉ፤ ይሄ ከእናት ከአባት የሚወረስ ድርሻ አለው። ጩኸቱ ግን አይወረስም። ተፈጥሮሽ ቢሆን ኖሮ ካውንተሩ ላይም ትጮሂ ነበር። አንቺ የምትጮሂው አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ላይ ነው። እንዲህ ቦታና ሰዓት የሚመርጥ ነገር የተለመደ ጠባይ ነው። የተለመደ ነገር ደግሞ ይቀየራል።

ስሜትን መቆጣጠር ጠባይን ይለውጣል ወይ? አዎ፣ ይለውጣል። ነገር ግን የቱ መቆጣጠር? ፊትን መቆጣጠር አለ፤ ስሜቱን ራሱን ማብረድ አለ። ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው የመጀመሪያውን ነው። ማታ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ነው።

ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ ብዙ የባንክ ሰው አገኛለሁ። ቀንሽ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብደኝም። ከሰዓት ሲስተም ይጠፋል። ወረፋው በሩ ድረስ ይደርሳል። አንድ አባት የባንክ ደብተራቸውን በመስታወቱ ሥር ገፋ አድርገው «የራሴን ገንዘብ ነው የጠየቅኩሽ፤ ልመና መጣሁ እንዴ?» ይሉሻል። በልብሽ የምትዪው ሌላ ነው። በአፍሽ «ይቅርታ አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ትያለሽ። ወዲያው የሚቀጥለው ሰው አለ። ከዚያም የሚቀጥለው። ለሁሉም «ሆድ ይፍጀው» ብለሽ ታልፊያለሽ። ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ቢመጣስ የሚል ስጋት ደግሞ ከጀርባሽ አለ።

አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሺዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚህ ዓይነቱ ድካም ጽፋለች። ካጠናቻቸው ሰዎች መካከል የአውሮፕላን አስተናጋጆች ነበሩ። ከሚገፉት የምግብ ጋሪ እኩል ፈገግታቸውም ሥራ ነው፣ ያደክማል የሚል ነበር መከራከሪያዋ። ካውንተር ላይ ለሚውል ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ፈገግታው ውጪውን ይሸፍናል እንጂ ውስጡን አያበርድም። ጄምስ ግሮስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው አንድ ሙከራ አለ። ሰዎችን የሚሰቀጥጥ የቀዶ ሕክምና ፊልም አሳያቸው። አንዱን ቡድን «የሚሰማችሁ ነገር ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ» አላቸው። ሌላውን «ነገሩን ስሜት በሌለው፣ በባለሙያ ዓይን እዩት» አላቸው። ሦስተኛው ቡድን ዝም ብሎ አየ። ፊታቸውን የደበቁት መደበቁ ተሳክቶላቸዋል። የተሰማቸው መቀፈፍ ግን ዝም ብለው ካዩት ሰዎች አላነሰም። ሰውነታቸውማ እንዲያውም ይበልጥ ተወጠረ። በባለሙያ ዓይን ያዩት ግን የተሰማቸው ራሱ ቀነሰ፤ ሰውነታቸውም ያን ያህል አልተወጠረም።

አንቺ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ነሽ። ያንን የተወጠረ ሰውነት ይዘሽ ነው ባቡር የምትሳፈሪው። ልደታ ስትደርሺ ፈገግ የሚያሰኝሽ አለቃ የለም። ካሜራ የለም። ያለው የማይከስሽ፣ የማያባርርሽ፣ ብትጮሂበትም ነገ «እማዬ» የሚልሽ ልጅ ነው። ይሄን የምልሽ እንድትሸማቀቂ አይደለም። ጩኸቱ ለምን እሱን እንደሚመርጥ እንድታዪው ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ደብተር ተከፍቷል። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ መምህሯ በቀይ «የቤት ሥራ አልሠራም» ብላለች፤ ፈርሚ ተብለሻል። «ሰባት ሲባዛ በስምንት?» ትያለሽ። ልጁ ጣሪያ ያያል። እርሳሱን ያኝካል። «ሃምሳ… አራት?» ይላል። ትናንት አውቆት ነበር። ትጮሂያለሽ። ልጁ ቀጥ ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ደረትሽን ቀለል ይለዋል።

ለቅሶውና ጸጸቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ጩኸቱ እንዳይለቅሽ የሚያደርገው ያቺ የአንድ ደቂቃ እፎይታ ናት። ሰው ደስ የማይል ነገርን ቶሎ የሚያስወግድለትን ድርጊት ይደጋግማል፤ ቢ.ኤፍ. ስኪነርና ተከታዮቹ ይህን በቤተ ሙከራ ደጋግመው አሳይተዋል። ጸጸቱ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ እፎይታው ግን እዚያው በዚያው። አእምሮ የሚማረው ደግሞ ከቅርቡ ነው። የጠዋት መሐላሽ የማይጸናውም ፈቃደ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። ጩኸቱ የሚሠራልሽ ሥራ አለ፤ መሐላው ያንን ሥራ ማን ይሥራው የሚለውን አይመልስም።

አብዛኛው ሰው ስሜቱን ለመያዝ የሚሞክረው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርድ የተጫነ መኪና ፍሬን እንደመያዝ ነው። «እስከ አሥር ቁጠሪ» የሚለውን ምክር ብዙም የማልወደው ለዚህ ነው። አንቺ ሰባት ስትደርሺ ደብተሩ አየር ላይ ነው። ስሜት ግን ድንገት አይፈጠርም። መጀመሪያ አንድ ሁኔታ ውስጥ ትገቢያለሽ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ነገር ልብ ትያለሽ። ለዚያ ነገር ትርጉም ትሰጪዋለሽ። ሰውነት የሚግለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአራቱ በየትኛውም መግባት ይቻላል፤ ቀድሞ የገባ ግን ይቀልለዋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከባንኩ በር ነው። ከስታዲየም ባቡር የምትይዢ ከሆነ የአሥራ አንድ ሰዓት ተኩሉን ግፊያ ታውቂዋለሽ። ተግባረ ዕድ ላይ ውረጂና የቀረውን በእግርሽ ሂጂ። ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ስፖርት እንድትሠሪ አይደለም። ከአንዱ ሥራ ወጥተሽ ወደ ሌላው ሥራ ቀጥ ብለሽ እንዳትገቢ ነው። የተወጠረ ሰውነት መንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ ሰው መሀል ተጣብቆ በአንድ እጅ መንጠልጠል አያበርደውም።

ስለ ሆድም ልናገር። ብዙ ሰው ይንቀዋል። የምትጾሚ ከሆነ ጾሙን ተዪ አልልሽም። ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደንበኛ በዝቶ፣ ምሳውም ቀርቶ፣ ቤት በባዶ ሆድ የምትገቢ ከሆነ ልጅሽ ገና አፉን ሳይከፍት ግማሹ ንዴት አለ። መሳቢያሽ ውስጥ ቆሎ አይጥፋ። እንቅልፍም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአንጎል ምርመራ ጥናት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ ሰዎች ደስ የማይል ሥዕል ሲያዩ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎላቸው ክፍል ከተኙት በ60 በመቶ ገደማ የበለጠ እንደሚነሣ አሳይቷል። አሚግዳላ አደጋ መጣ ብሎ ሰውነትን የሚቀሰቅሰው ነው። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ ነቅተሽ አታድሪም፤ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ቲክቶክ ላይ የሚያመሽ ሰው የነገውን ንዴት እያዘጋጀ ነው።

ቤት ስትገቢ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የቤት ሥራ አይነሣ። ልብስሽን ቀይሪ፣ እግርሽን ታጠቢ፣ አንድ ነገር ቅመሺ። ልጁም ከጠዋት ጀምሮ ሰርቪስ ላይና ክፍል ውስጥ የዋለ ነው። «ዛሬ ማን ጋ ተጫወትክ?» ብለሽ ጀምሪ፤ «ደብተርህን አምጣ» የመጀመሪያው ቃልሽ አይሁን።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው ላይ ደረስን። ትርጉሙ ላይ። ልትጮሂ ስትዪ፣ ከመጮህሽ አንድ ሰከንድ በፊት፣ በአእምሮሽ ምን አለፈ? ወላጆችን ይህን ስጠይቃቸው መጀመሪያ «ምንም» ይሉኛል። ትንሽ ዝም ስንል ይመጣል። «እየናቀኝ ነው።» «ያን ሁሉ ብር ከፍዬ የማስተምረው ለዚህ ነው?» «ይሄ ልጅ ይወድቃል፤ ከዚያስ?» አንዲት እናት «እኔ ያየሁትን ሊያይ ነው» ብላኛለች። ከንዴቱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ፍርሃት ነው። ልጁ ሰባት ሲባዛ በስምንትን መርሳቱ እውነት ነው። ይወድቃል የሚለው ግን ያንቺ ጭማሪ ነው፤ የተጮኸበትም ለጭማሪው ነው።

እዚህ ላይ «በጎ በጎውን አስቢ» አልልሽም። ለራስሽ ውሸት መንገር ብዙ አያስኬድም፤ አንቺም አታምኚውም። ወደ እውነቱ ቀረብ የሚል አባባል ፈልጊ። «የ9 ዓመት ልጅ ነው። ማባዛት ይረሳል። ነገም እንጠይቀዋለን።» ይኸው ነው። ደረቅ ነው፣ አያስጨበጭብም፤ ግን ፊልሙን በባለሙያ ዓይን እንዳዩት ሰዎች፣ የተሰማሽን ነገር ራሱን ይቀንሰዋል። ለካውንተሩም ይሠራል። ያ አባት የተቆጡት ሲስተሙን ነው። ምናልባት ከሩቅ መጥተዋል፣ ምናልባት መድኃኒት ሊገዙ ነው። አታውቂም። «እኔን ናቁኝ» ከማለት ይልቅ «በሲስተሙ ተበሳጭተዋል» ካልሽ የምትውጪው ነገር ያንሳል። ቀን ያልዋጥሽው ነገር ማታ አይወጣም።

ስሜቱን ስም መስጠትም ይረዳል። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ሰው ፎቶ ሲያዩ የስሜቱን ስም ከመረጡ ያው አሚግዳላ ረገብ ይል ነበር። በቤት ቋንቋ ለልጁ እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «እማዬ ዛሬ ሥራ ላይ ተበሳጭታለች። አንተ አይደለህም ያበሳጨኸኝ።» ሁለት ጥቅም አለው። አንቺን ያረግብሻል። ልጁም የእናቱ ፊት ሲጠቁር «ምን አጠፋሁ?» ብሎ አይጨነቅም።

ከዚያ መሐላውን ቀይሪው። «አልጮህም» የሚለው ምን እንደማታደርጊ ይናገራል፤ መቼና ምን እንደምታደርጊ አይናገርም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ከደረቅ ውሳኔ የተሻለ እንደሚጸና በተደጋጋሚ አሳይቷል። ላንቺ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጥርሴ መግጠም ሲጀምር እርሳሱን አስቀምጬ ውሃ ልጠጣ እነሣለሁ።» ምልክቱ ያንቺ መሆን አለበት። አንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ አንዱ ጆሮው ይግላል፣ ሌላው ድምፁ ይቀጥናል። ኩሽና ስትደርሺ አየሩን ከምታስገቢበት ይልቅ የምታስወጪበትን ጊዜ አስረዝመሽ ጥቂት ተንፍሺ፤ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት የልብ ምትን ያዘገያል። ለልጁ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪው። «እማዬ ውሃ ልትጠጣ ከተነሣች ትመለሳለች።» ሳትነግሪው ከተነሣሽ ጥለሽው የሄድሽ ነው የሚመስለው።

የሥራ ባልደረቦችሽ «ይውጣልሽ! ትራስ ደብድቢ፣ ጩኺ» ብለውሽ ይሆናል። ይሄ ምክር በጣም ተወዳጅ ነው፤ ግን አይሠራም። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሙከራ የተናደዱ ተማሪዎችን የቦክስ ከረጢት አስመታቸው። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የመቱት ይበልጥ ተናደዱ። ዝም ብለው የተቀመጡት ተሽለው ተገኙ። ባልደረባሽን ሻይ ጋብዘሽ ብታወሪያት ይሻላል፤ ያውም ስድቡን አንድ በአንድ ሳትደግሙት።

ስለ ለቅሶው። «ዛሬ ጮህኩበት» እና «እኔ ክፉ እናት ነኝ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጸጸት ነው፤ ሰውን ወደ ማስተካከል ይገፋዋል። ሁለተኛው ሐፍረት ነው፤ ሰውን ወይ ያስደብቀዋል ወይ ያስቆጣዋል። ጁን ታንግኒ የምትባል ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናችው ይህንን ነው፤ ሐፍረት የሚያጠቃቸው ሰዎች ቁጣም እንደሚያጠቃቸው ደርሳበታለች። «ክፉ እናት ነኝ» ብላ የተኛች ሴት ነገ ማታ የልጇ ስሕተት ክፉነቷን የሚመሰክርባት ይመስላታል። ስለዚህ ቶሎ ትቆጣለች።

አንቺ ባትጽፊውም ልገምት፤ ከጩኸቱ ማግስት ቺፕስ ይገዛል፣ ስልክ ይሰጣል። አትስጪው። ይቅርታ ጠይቂው። በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ክብሩ ይወርዳል ይባላል። እኔ አልስማማም። ጠዋት ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቁጭ በዪና «ትናንት ደብተርህን ወረወርኩት። ትክክል አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው። ማባዛቱን ግን ዛሬም እንሠራለን» በዪው። የመጨረሻዋን አትርሺ። ይቅርታ ማለት የቤት ሥራው ቀረ ማለት አይደለም። «ግን አንተም እኮ…» የሚለውን አትጨምሪበት፤ ያኔ ይቅርታው ክስ ይሆናል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት አንድ አዲስ ነገር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። የተጠኑት ውሃ እንደመጠጣትና ከእራት በፊት እንደመሮጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። ያንቺ ይከብዳል። ግን ከዚያ ጥናት የምወደው ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ረቡዕ ከጮህሽ ሐሙስ እንደገና ከዜሮ አይደለም። መጮህ አለመጮህሽን ብቻ አትቁጠሪ። ጥርስሽ መግጠሙን መቼ አወቅሽ? ከጮህሽ በኋላ? እየጮህሽ? ወይስ ሳትጮሂ? እሱ ወደ ፊት እየመጣ ከሆነ እየተለወጥሽ ነው።

እጅሽ ከተነሣ ግን፣ ወይም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ መኖር ካስጠላሽ፣ ይሄ በጽሑፍ ምክር የሚፈታ አይደለም። ድብርት ብዙ ጊዜ በቁጣ ልብስ ነው የሚመጣው። አማኑኤል ሆስፒታል ከልደታ ሩቅ አይደለም፤ ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «አማኑኤል ታየች» ይባላል ብለሽ አትቅሪ። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ቀን አትጠብቂ፣ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ዛሬውኑ ሂጂ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፦ «ተቆጣጠሪ» የሚለው ቃል በጩኸቱ መሀል ሲነገር ነገር ያባብሳል። ይሄን ለራሱ ንገሪው፤ ግን ማታ አይደለም። ቅዳሜ፣ ቡና ላይ። «አታግዘኝም» ብለሽ አትጀምሪ፤ ክርክር ይሆናል። ተቆጥሮ የሚታወቅ ነገር ጠይቂው። ማክሰኞና ሐሙስ የማባዛቱ ሥራ የእሱ ይሁን። አንቺ በእነዚያ ማታዎች ኮሙኒኬሽን ቡኩንም አትክፈቺ። «እኔ ማስተማር አልችልበትም» ካለሽ፣ የማባዛት ሠንጠረዡ ደብተሩ ጀርባ ላይ ታትሟል።